የእትዬ በር

በስተቀኝ ያለው የመኪናዋ የፊት በር ሲዘጋ የታች ጫፉ ከሲሚንቶው ወለል ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል። ሲከፈት ወደ ሁለት መቶ ዘጠና አራት ይወርዳል። ሰው ሲደገፈው ደግሞ፣ ያውም እንደ እናት ያለች ንፋስ ይወስዳታል የምትባል ሰው፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ላይ ደርሶ «ቋ» ይላል።

እህቲቱ ይህን የለካችው የመኪናዋ ገላ ተዘንብሎ እንዳያሳስታት ከደፉ በታች የግንድ ቁራጭ ሸጉጣ፣ የብረት ማስመሪያውን ወለሉ ላይ ቀጥ አድርጋ አቁማ ነው። ደጋግማ ለካች፤ ሁልጊዜም ያው ሆነ። እንጀራዋ በሆስፒታል ላቦራቶሪ ደም መመርመር ነው፤ አንዴ ብቻ የተለካ ነገር እንዳልተለካ ይቆጠራል ብላ ታምናለች። የመጨረሻውን ልክ ስትወስድ ግን በሩን የተደገፈችው እናት አልነበረችም። በእናት ፋንታ መስኮቱ ላይ የአሸዋ ከረጢት አንጠለጠለች። እናትን እንደገና እዚያ በር ላይ ለማስደገፍ አንጀቷ አልቻለም።

የመኪናዋ ስም «እትዬ» ነው። ያወጣላት ሟቹ አባት ነበር፤ ጠዋት ሞተሯ እንቢ ሲል መሪውን እየደባበሰ «እትዬ፣ እባክዎ ይነሱ» እያለ ይለምናት ነበር። በዚህ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ የእትዬን የቀኝ በር የሚዘጋው በአንድ መንገድ ነው፤ ጉልበቱን ከበሩ ስር ከትቶ ቀና ያደርገዋል፣ ከዚያ በትከሻው ይገፋዋል። ልጆቹ የመኪና በር ሁሉ እንደዚያ የሚዘጋ ይመስላቸው ነበር። እህቲቱ በወጣትነቷ የአለቃዋን አዲስ መኪና በር በጉልበቷ አንስታ ስትዘጋ፣ ሰውየው ምን አድርጌያት ነው በርግጫ የምትለኝ ብሎ ደንግጧል።

ጉልበት ላለው ሰው ይሄ ሁሉ ቀልድ ነው። እናት ግን ዳሌዋ ተሰብሮ በብረት ከተጠገነ ወዲህ ጉልበት የሚባል ነገር የላትም። ከመኪና ስትወርድ መጀመሪያ እግሮቿን ወደ ውጭ ታዞራለች፣ በቀኝ እጇ ምርኩዟን ትተክላለች፣ በግራ እጇ የበሩን የመስኮት ጠርዝ ትጨብጥና በሱ ተስባ ትነሳለች። በታክሲ ሞክረዋታል፤ አንዱ ዝቅ ብሎ ዳሌዋን አጠፈባት፣ ሌላው ከፍ ብሎ ራሷን መታት። የእትዬ ወንበር ብቻ ለሷ የተሰፋ ይመስል ልክ ሆነ።

ባለፈው የሐኪም ቀጠሮ ዕለት ታዲያ፣ እናት ልትነሳ ጠርዙን እንደጨበጠች በሩ «ቋ» ብሎ ወረደ። እጇ ከጠርዙ ሾለከ። ታላቅ ወንድምየው በብብቷ ገብቶ ባያነሳት ኖሮ ሲሚንቶው ይቀበላት ነበር። ሐኪሙ ነገሩን ሲሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሁለተኛ ከወደቁ ብረቱን የምናስርበት ጤነኛ አጥንት አይተርፍም አላቸው። እናት ጆሮዋ ንቁ ነው፤ ሰምታ እንዳልሰማች መስኮት መስኮቱን አየች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺ «ቋ» ከእህቲቱ ጆሮ አልወጣችም። የላቦራቶሪው ፍሪጅ ሲዘጋ ትሰማታለች። ጎረቤት ድስት ሲከድን ትሰማታለች።

የጋራዡ ሰው በሩን ከፍ ዝቅ አድርጎ አይቶ ማጠፊያዎቹ ደህና መሆናቸውን፣ ያለቁት በመካከላቸው የሚያልፉት ፒኖችና ፒኖቹ የሚሽከረከሩባቸው ቀጫጭን የነሐስ ቀለበቶች መሆናቸውን ነገራቸው። እጁ ላይ ያሉትን መኪናዎች ሳይጨርስ ግን እንደማይነካት ጨመረ። የእናት ቀጠሮ ደግሞ ሰኞ ነው። ስለዚህ አዲስ ፒንና ቀለበት ከመለዋወጫ ሱቅ ተገዛና እሑድ ከቁርስ በኋላ ግቢው ውስጥ ሥራ ተጀመረ።

ታላቅ ወንድምየው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ዴፖ ውስጥ ስንት በር ሲወርድና ሲወጣ በዓይኑ ማየቱን ሲያወራ፣ እህቲቱ እሷም በየቀኑ ቀዶ ጥገና ክፍል በር ላይ እንደምታልፍና እስካሁን ግን የማንንም ሆድ እንዳልከፈተች መለሰችለት። መዶሻውን እሱ ነበር የፈለገው። ነገር ግን በበሩና በገላው መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ ሹፌሩ ደግሞ ሰፊ ነው። ሆዱን መታ መታ አድርጎ ይሄ የሠላሳ ዓመት ወንበር ያፈራው ሀብት ነው አለና በሩን ለመያዝ ተስማማ።

እናት ደጃፉ ላይ ወንበር ወጥቶላት ተቀመጠች፤ ምርኩዟ ከጎኗ ግድግዳውን ተደግፏል። ከዚያ ንቅንቅ እንዳትል ሁለቱም በየተራ ለመኗት።

«የኔንም ማጠፊያ ቀይረውታል» አለች። «እንደናንተ ግን እንዲህ አልተንጫጩም።»

እህቲቱ በሩን በከፊል ከፍታ ከመሃሉ በታች ክሪክ አስገባች፣ ከክሪኩ ራስ ላይ ጣውላ፣ ከጣውላው ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ። ክሪኩን የበሩን ክብደት እስኪቀበል ድረስ አነሳችው። ከዚያ ተነስታ አየችው፤ ልቧ አላረፈም። ጣውላው ሊንሸራተት ይችላል። በማጠፊያው በኩል፣ ከበሩ ስር፣ አንድ ወፍራም ግንድ አስቀመጠችና በግንዱና በበሩ መካከል የቀረውን ክፍተት ለካች፤ ሃያ ስምንት ሚሊሜትር። በሃያ ስምንት ሚሊሜትር ውስጥ ስንት ጣት እንደሚቆረጥ አሰበች። ወደ ቤት ገብታ የእናትን አሮጌ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ይዛ ወጣች፤ ሁለቱን ደራርባ ግንዱ ላይ አደረገቻቸው። የቀረው ክፍተት አራት ሚሊሜትር ብቻ ሆነ።

ሹፌሩ ሳቁን መያዝ አቃተው። እትዬ በስተርጅና ጫማ አማራት ወይ ብሎ ጠየቀ። ቀጥሎም «ፈሪ ለእናቱ ሲባል ነበር የማውቀው» አለ፤ «አንቺ ግን ለእናትሽ ነው የምትፈሪው፣ ዶክተርዬ።»

እውነቱን ነው። መዳፏ ውስጥ ያለው መዶሻ እጀታው ረጥቧል። የፈራችው በሩን አልነበረም፤ ነገ ጠዋት እናት እጇን ዘርግታ ስትጨብጠው ያቺ «ቋ» ዳግመኛ እንዳትመጣ ነው። ይሄን ሥራ ካበላሸችው ደግሞ በሩ ከቀድሞው ሊብስ ይችላል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል።

ከመጀመሯ በፊት በቃላት ተስማሙ። እሷ እንደምትሠራበት ላቦራቶሪ፣ ትእዛዝ የሚወጣው ከአንድ አፍ ብቻ እንዲሆን ፈለገች።

«‹ያዝ› ስልህ ትይዛለህ» አለችው። «‹ልቀቅ› ካላልኩህ ግን፣ ጋሼ፣ ሰማይ ቢወድቅ አትለቅም።»

«ልቀቅ እስክትይኝ እዚሁ ቆሜ እሸብታለሁ።»

«ሸብተሃል እኮ» አለች እናት ከወንበሯ።

እህቲቱ ክሪኩን አይታለች፣ ግንዱን አይታለች፣ ጫማውን ሳይቀር ለክታለች። ያላየችው አንድ ነገር ነው። የሹፌሩ ግራ ጆሮ፣ ዕድሜ ልኩን በመስኮቱ በኩል ንፋስና ጥሩምባ ሲጠጣ የኖረው ጆሮ፣ ከደነዘዘ ቆይቷል። በዚህ ቤት ለሱ የሚነገር ነገር ሁሉ በቀኝ በኩል ዞሮ ይነገራል፤ ገበታ ላይ እንኳ ማንም በግራው አይቀመጥም። አሁን ግን እሱ የበሩን ጫፍ አቅፎ ፊቱን ወደ ሞተሩ በኩል ሲያዞር፣ እሷ ማጠፊያው ስር የተንበረከከችው በግራው ነበር።

መጀመሪያ የታችኛውን ማጠፊያ ያዘች። እዚያ ላይ በሩን ክፍት አድርጎ የሚይዝ ሞላ አለ፤ አጭር፣ ወፍራምና የታመቀ። የጋራዡ ሰው ስለ ሒሳቡ ሳይሆን ስለዚህ ሞላ ነበር ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስጠነቀቃት፤ ካመለጠ ዓይን ይዞ ይሄዳል ብሏታል። በብሎን በሚጠብቅ መቆንጠጫ እስኪያጥር ድረስ ጨመቀችው፣ በወፍራም ፎጣ ጠቀለለችው፣ ፊቷን አዙራ በፒንሳ ጎተተችው። በፎጣው ውስጥ እንደ ተያዘ እንስሳ አንዴ ተወራጨና ጸጥ አለ። ወስዳ ባልዲ ውስጥ አስቀመጠችውና ባልዲውን ከደነችው።

የታችኛው ፒን ዘይት ስለጠጣ ብዙ አላስቸገረም። ከስር በመምቻ ብረት ስትመታው ቀስ እያለ ብቅ አለ። አውጥታ በካሊፐር ለካችው፤ ጫፉ ስምንት ሚሊሜትር፣ ወገቡ ስድስት ነጥብ ሰባት። ወገቡ እንደ ተላጠ እርሳስ ቀጥኗል። የነሐሱ ቀለበት ግማሹ ደቅቆ ዱቄት ሆኗል። ያረጀውን ቀለበት ገፍታ አወጣች፣ አዲሱን አስገባች፣ ፒኑን ግራሶ ቀብታ መትታ ቦታው አስቀመጠችው። «ያዝ» ስትለው ጮክ ብላ ስለነበር ሹፌሩ ያዘ፤ «ልቀቅ» ስትለው ለቀቀ። ያኔ ሁሉም ነገር ደህና ነበር።

የላይኛው ግን ዝጎ ከማጠፊያው ጋር አንድ አካል ሆኗል። መታችው፤ ንቅንቅ አላለም። ዘይት ጨመረችበት፣ ጠበቀች፣ እንደገና መታች። «ያዝ» አለችው፤ ሹፌሩ ጉንጩን የመስኮቱ ጠርዝ ላይ አስደግፎ በሩን ጠበቅ አድርጎ አቀፈ። ምቱ በጨመረ ቁጥር የበሩ መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ እሷም በእያንዳንዱ ምት ትከሻዋን ትሰብቃለች። ፒኑ ሲወጣ በገላው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ እንዳይጠፋባት ብላ የግራ እጇን ሁለት ጣቶች ከማጠፊያው ክንፎች መካከል ሰደደች። ይህን ማድረግ እንደሌለባት ታውቃለች። ሌላ መንገድ አላገኘችም።

አንድ ምት፣ ሌላ ምት። ብረቱ ከእጇ ስር ድንገት ላላ። ፒኑ በጣቶቿ ጫፍ ላይ ሲንሸራተት ተሰማት።

«ለቀቀ» አለች።

ሹፌሩ ለቀቀ።

መጀመሪያ የበሩ ራስ ወደ ውጭ ዘነበለ። ክሪኩ ላይ ያለው ጣውላ ከብርድ ልብሱ ስር ተንሸራተተ፤ ክሪኩ በጎኑ ወደቀ። በሩ ወረደ። አራት ሚሊሜትር ወርዶ የእናት ነጠላ ጫማ ላይ አረፈ። ቢሆንም ጣቶቿ ከማጠፊያው ክንፎች መካከል ነበሩና አራት ሚሊሜትሩ በቂ ሆነ። ክንፎቹ ተገናኝተው ያዟት። ከአፏ የወጣው ድምፅ ጩኸት አልነበረም፤ «እህ» የምትል አጭር ነገር ናት። የሹፌሩ ጆሮ አልሰማትም። የእናት ጆሮ ሰማት።

ጣቶቿን ለመሳብ ሞከረች፤ ጥፍሯ የሚነቀል መሰላት። በሩን በቀኝ እጇ ልታነሳ ሞከረች፤ አልተነሳም። ሹፌሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ የወደቀውን ክሪክ እያየ፣ ታዘዝኩ እንጂ ምን አጠፋሁ በሚል ዓይነት እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል። ያኔ ነው እህቲቱ ከመኪናዋ ጎን ነጭ ቀሚስ ያየችው።

እናት ተነስታለች። ምርኩዙ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ነው። ባዶ እጇን፣ አንድ እግሯን እየጎተተች፣ ዓይኗን ከልጇ ፊት ሳትነቅል እየመጣች ነው። እህቲቱ «እማዬ ቁሚ» ልትል አፏን ከፈተች፤ አልደረሰችም። የእናት ግራ እጅ ወደ ፊት ተዘረጋ፤ ለዓመታት ሲያደርገው እንደኖረው ሁሉ፣ ሳያስብ ወደ በሩ የመስኮት ጠርዝ ሄደ።

በሩ በዚያች ሰዓት የተያዘው በአንድ ፒንና በአንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ ነው። እናት ክብደቷን ከጣለችበት ከግንዱ ላይ ይንከባለላል፤ እሷም አብራው። እህቲቱ ይህን ሁሉ አየች፤ አንድ በአንድ፣ በአጉሊ መነጽር ስር እንዳለ ነገር ጥርት ብሎ። ሲሚንቶውን አየች። የሐኪሙን ዝቅ ያለ ድምፅ ሰማች።

«ጋሼ፣ ያዛት!»

በዚህ ጊዜ ሹፌሩ ወደ ክሪኩ ዞሮ ስለነበር ድምፁ የገባው በደህናው ጆሮ ነው። ቃሉን በትክክል ሰማው። ነገር ግን ለሱ፣ ጠዋት ሙሉ አቅፏት ለቆየው ሰው፣ «እሷ» ማለት እትዬ ነበረች። እናቱን ገና አላያትም። በሩ ላይ ተወረወረና በደረቱ አቀፈው፤ ጉልበቱንም እንደ አባቱ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያደርገው እንደኖረው፣ ከበሩ ስር ከትቶ ቀና አደረገው።

የማጠፊያው ክንፎች ተላቀቁ። ጣቶቿ ወጡ። በዚያችው ቅጽበት የእናት እጅ በጠርዙ ላይ አረፈ፣ ክብደቷም ተከተለ፤ በሩ ግን አልተነቃነቀም፤ ሹፌሩ ስሩ ነበርና። ፊቱ ቀልቶ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ አንገቱን ቀና ሲያደርግ ከመስኮቱ ማዶ የእናቱን ፊት አገኘው።

«ውይ» አለ። «አንቺ ነሽ?»

እህቲቱ በጉልበቷ ሄዳ እናቷን ወገቧን ያዘች፣ ቀስ ብላ አብራት ተነሳች፣ ምርኩዙ እስኪመጣም አልለቀቀቻትም። ልብስ ማስጫው ላይ የተሰቀለ አንሶላ ሲርገበገብ ብቻ ይሰማል። የእህቲቱ የመሃል ጣትና ጠቋሚ ጣት ጫፋቸው ነጭ ሆኖ ቆይቶ ቀላ፣ ከቀላ በኋላ መምታት ጀመረ። አጠፈቻቸው፣ ዘረጋቻቸው። አጥንት አልተነካም።

«ልቀቅ አልሽኝ እኮ» አለ ሹፌሩ በመጨረሻ፣ በሩን አሁንም እንዳቀፈ።

«ለቀቀ ነው ያልኩት፣ ጋሼ። ፒኑ ለቀቀ።»

ቃሉን በአፉ ውስጥ አገላብጦ ቀመሰው። ልቀቅ። ለቀቀ። ፊቱ ላይ የነበረው ቅላት እየወረደ አመድ ሆነ።

«ያዛት ስትይኝስ እትዬን አይደለም እንዴ?»

«እኔን ነበር፣ የኔ ጌታ» አለች እናት። «ደግ አደረግህ ሳይገባህ።»

ቀሪውን ሥራ የጨረሱት በሌላ ቃል ነው። እናት ወንበሯ ላይ ተመልሳ፣ ልቀቅም ለቀቀም የሚባል ነገር ዛሬ እዚህ ግቢ ውስጥ እንዳልሰማ ብላ ከለከለች፤ በነሱ ፋንታ «ሎሚ» እንዲባል ወሰነች፤ ሎሚ ከምንም ጋር አይምታታም ብላ። ሹፌሩ ቦታውን ቀይሮ በደህናው ጆሮ ወደ እህቱ ዞረ። ክሪኩ እንደገና ቆመ፤ ከብርድ ልብሱ በታች ሌላ ጣውላ በገመድ ታሰረ። እህቲቱ ሁለቱን ጣቶቿን በፋሻ ጠቅልላ፣ የላይኛውን ቀለበት በፒንሳ አስገባች፤ ጣት የሚባል ነገር ወደ ማጠፊያው አላስጠጋችም። አዲሱን ፒን ስትመታ የበሩ ብረት ለስለስ ብሎ ይርገፈገፍ ነበር። መዶሻዋን አቁማ አየችው፤ መርገፍገፉ አልቆመም። የወንድሟ ክንዶች ነበሩ የሚንቀጠቀጡት። በሕይወቷ ሲፈራ አይታው አታውቅም።

የፒኑ ራስ ሙሉ በሙሉ እስኪቀመጥ ድረስ መታች፣ ሞላውን በፎጣው እንደተጠቀለለ መለሰች፣ መቆንጠጫውን አላላች። ሞላው ቦታውን ያዘ።

«ሎሚ» አለች።

ሹፌሩ አልለቀቀም። ፊቷን አየ።

«ሎሚ፣ ጋሼ። እውነቴን ነው።»

አንድ እጁን፣ ከዚያ ሌላኛውን አነሳ። በሩ አየር ላይ ቀረ። ከልማድ የተነሳ ጉልበቱን ከስሩ ከቶ ቀና ሊያደርገው ሲሞክር በሩ አልተነሳም፤ ሹፌሩ ጉልበቱን እያሻሸ ወደ ኋላ አለ።

እህቲቱ ክሪኩን አወጣች፣ የእናትን ጫማ ከግንዱ ላይ አነሳች። አንደኛው ጫማ ላይ የበሩ ጠርዝ ረጅም መስመር ቆርጦበታል። ከደፉ በታች ያለው ግንድ በቦታው እንዳለ ማስመሪያውን አቆመች፤ ተዘግቶ ለካች፣ ተከፍቶ ለካች፣ የአሸዋውን ከረጢት ሰቅላ ለካች። ከዚያ እንደገና። አሸዋው ምንም ቢከብድ ግን እናት አይደለም። አሸዋ ሲነሳ አይስብም፣ አያወዛውዝም፣ ሲወድቅም አይሰበርም። የቀረውን ፈተና፣ እናት ራሷ በሩን ይዛ መነሳቷን፣ ለነገ ብትተወው የሐኪም ቤቱ ደጃፍ ላይ ማንም ግንድ አይሸጉጥላትም፤ ይህን አውቃ ነው ከረጢቱን እንዳቀፈች የቆመችው።

እናት ራሷ ነች የጠየቀችው። መኪናዋ ውስጥ አስገቡኝ አለች። አስገቧት። እግሮቿን ወደ ውጭ አዞረች፣ ምርኩዟን ተከለች። ሹፌሩ እጆቹን ዘርግቶ ከፊቷ ቆመ፤ ጉልበቶቹ ለመዝለል እንደተዘጋጁ ናቸው። እህቲቱ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ ጉንጯን ሲሚንቶው ላይ አስደገፈች፤ ዓይኗ ከማስመሪያው ጋር ትክክል ሆነ። ፋሻ ውስጥ ያሉት ጣቶቿ ከልቧ ጋር እኩል ይመታሉ። ያቺን «ቋ»፣ ያቺን ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት፣ ጠበቀች።

የእናት ግራ እጅ ጠርዙን ጨበጠ። ወንበሩ ሲጥጥ አለ። ክብደቷ ሙሉ በሙሉ በሩ ላይ ዐረፈ፤ ነጭ ቀሚሷ ከማስመሪያው አጠገብ ወርዶ ከዚያ ቀጥ አለ።

«ቆምኩ» አለች እናት ከላይ። «ስንት ይላል?»

ሦስት መቶ አሥራ አንድ ይል ነበር።